ልጅ የሌለው ካርድ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለኦፓዬ፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይነሳብሻል? ባለቤትሽ ቶልቂን አካ ደህና ናቸው? የአማትሽ ጉልበትስ? የቴርሜዝ ሙቀት ዘንድሮ ብሶበታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መስኮቱ ላይ እርጥብ አንሶላ መስቀል አትርሺ። እኛ ደህና ነን። እናታችን ቲማቲሟን ጣራ ላይ አስጥታ፣ ወፍ በመጣ ቁጥር የወፉን ዘር ማንዘር ትረግማለች፤ ይህን ያህል ጉልበት ካላት ደህና ናት ማለት ነው። ሦስቱ ልጆቼም ደህና ናቸው፤ ትልቁ ስላንቺ ይጠይቃል።

ሰላምታውን እዚህ ላይ ልቁረጠው። ቀጥሎ ያለውን አንብቢና የቀረውን ለኋላ ተይው። ይህ ደብዳቤ እጅሽ በገባበት ቀን ኦይዲንን ታቅፈሽ የሕፃናት የእጢ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ነገ አትበይ። ባልሽ እስኪመጡም አትጠብቂ። አብሮ ያለውን ወረቀት ለሐኪሙ ስጪና «የዚህች ልጅ የአንገት እጢ አይሠራም፤ በሦስተኛ ቀኗ ከተረከዟ የተወሰደ ደም ነው የሚለው» በይው። እሱ ትንሽ ነጭ ክኒን ያዝላታል፤ ተፈጭታ በማንኪያ በየቀኑ የምትሰጥ ናት። ክኒኗን ካገኘች ኦይዲን እንደማንኛዋም ልጅ ትሮጣለች፣ ትማራለች፣ ትከራከርሻለች። ካላገኘች አእምሮዋ አያድግም፤ ያመለጠውን ደግሞ በኋላ ክኒን ቢሰጧትም አይመልሰውም። በሁለተኛ ሳምንቷ መጀመር ነበረባት። ዛሬ አርባ አራተኛ ቀኗ ነው። ከጠፋው ጊዜ ሦስቱ ሳምንት በኔ እጅ የጠፋ ነው።

አሁን ከሐኪሙ ተመልሰሽ ከሆነ አረፍ በይና አንብቢ። ገና ካልሄድሽ እጠፊውና ተነሺ።

ስልክ ያልደወልኩ እንዳይመስልሽ። ከሰኞ ጀምሮ አራት ጊዜ ደውያለሁ። አራቱንም ያነሱት አማትሽ ናቸው። «ገላዋን እያጠበች ነው»፣ «ገበያ ወጥታለች»፣ «ተኝታለች»። በአራተኛው ተቆጡ። «አንቺ ልጅ፣ ልጅቷ በእግሯ እስክትሄድ ላትደውዪ ዳቦ ይዘሽ አልማልሽም? የሰጠ ሰው እጁን ያነሳል። ምነው እጅሽ ረዘመ?» አሉኝ። ሕመም አለባት ልል ስጀምር «አፍሽን ያዢ! ገና ከአርባዋ በወጣች በሦስተኛው ቀን የበሽታ ወሬ ታወሪባታለሽ?» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን ይዞ የሚመጣው የሙቃዳስ ባል ነው፤ ሙቃዳስ ያቺ አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምትሠራዋ ናት። በጭነት መኪናው ሽንኩርት ጭኖ ወደናንተ ይወርዳል። ካንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ሥራዬን የምታውቂው ይመስልሻል፤ አታውቂውም። እዚህ ሸለቆ ውስጥ በየማዋለጃው የሚወለድ ሕፃን ሁሉ በሦስተኛ ቀኑ ተረከዙ ይወጋና ጥቂት ጠብታ ደም ካርድ ላይ ይደርቃል፤ ካርዱ ወደኛ ይመጣል። ልደቱ ደግሞ ለብቻው በልደት መዝገብ ቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ድሮ ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። ካለፈው ጸደይ ወዲህ አዲስ ሥርዓት መጥቶ ያገናኛቸዋል፤ ደሙ ያልተመረመረው ልጅ የትኛው እንደሆነ፣ የታመመው ደም የማን እንደሆነ ሳይውል ሳያድር እንዲታወቅ። የመጣ ሰሞን አልቅሻለሁ፣ ከደስታ። ምን ያለ ንጹሕ ሐሳብ ነው! የቆሸሸው የኛ እጅ ሲገባበት ነው።

ምክንያቱም ሰው እንደ ኮምፒዩተር አይወልድም። አንዷ እናቷ ቤት ሄዳ ትወልድና ካርዱ ላይ የእናቷ መንደር ይጻፋል፤ መዝገቡ ላይ የባሏ። ሌላዋ ዓይን ፈርታ የልጇን ስም ሁለት ጊዜ ትለውጣለች። እንዲህ እየሆነ ኮምፒዩተሩ ማገናኘት ያቃተው ሁሉ በሁለት ዝርዝር ይቀመጣል፤ በአንዱ ካርድ የሌላቸው ልጆች፣ በሌላው ልጅ የሌላቸው ካርዶች። መሠራት የነበረበት ቀላል ነው፤ ስልክ መደወል፣ መንደር መውጣት፣ መጠየቅ።

«አካ» እያልን እንደ ታላቅ ወንድም የምናከብረው አለቃችን ዞሂር አካ ግን ዝርዝሩን ሲያይ ፊቱ የጎመዘዘ እርጎ የጠጣ ይመስላል። ከላይ ያሉት ከመቶ መቶ ይፈልጋሉ። «እነዚህ ወንደላጤዎች ዛሬም ቁጭ ብለዋል?» ይለናል። «ጾታቸው አንድ ከሆነ፣ ቀናቸውም ከተቀራረበ ዳሯቸው በቃ! ዘር ማንዘር ልትቆጥሩ ነው?» ይህን ብሎ ሻይውን ይጎነጫል፣ አፉን ይጉመጠመጥበታል፣ ከዚያ ይውጠዋል። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወንበሬን አዞራለሁ።

እኛም ዳርናቸው። የአንዱን ደም ለሌላው ልጅ። ሙቃዳስ ከሰዓት በኋላ ጣቷን እያፍተለተለች «ዛሬ አሥራ አንድ ዳርኩ፤ ለአገናኝነቴ ሻሽ እንኳ ያለበሰኝ የለም» ትላለች፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ፣ ኦፓ። እሱ ነው ከሁሉ የሚቀፈኝ። ዞሂር አካን መጸየፍ ቀላል ነው፤ ከነሻዩ ነው። የራሴ ሳቅ ነው ከጆሮዬ አልወጣ ያለኝ።

ኦይዲን በተወለደች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ማንም «እንኳን ደስ አለሽ» አላለኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም፤ ዞሂር አካ ወተት ያረጠበውን የቀሚሴን ደረት አየና ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። በማግስቱ ዝርዝሩን ከፈትኩ። ልጅ የሌላቸው ካርዶች፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ሴት፣ የእናት ስም ተብሎ አንድ ስም ተጽፏል። ስሙን አልጽፈውም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ የትም እንዳልጽፈው ያስማልሽኝም አንቺ ነሽ። በሌላው ዝርዝር ካርድ የሌላት ልጅ፣ ኦይዲን፣ የእናት ስም ያንቺ። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንድ ልጅ ናቸው? ከመቶ ስልሳ አንድ» ይላል።

ትዝ ይልሻል አይደል ዋና አዋላጇ እንዴት እንደተሯሯጠች። የአልጋውን መዝገብ ለወጠች፣ የመውጫውን ወረቀት ለወጠች፣ የሕፃኗ እጅ ላይ የታሰረችውን የስም ጨርቅ ሳይቀር ፈትታ ሌላ አሰረች። «በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ አላህ ዘንድ አጅር አለው» እያለች። ደሙ ግን ያን ዕለት ጠዋት በመኪና ወጥቶ ነበር። ሦስታችንም ረሳነው። ወረቀቱን ሁሉ አስተካክለን ደሟን የረሳን ብልጦች።

«አዎ» የሚለውን መንካት ብቻ ነበር የቀረኝ። ብነካው ግን በካርዱ ላይ ያለው የእናት ስም የኦይዲን መዝገብ ውስጥ የሚገባ መሰለኝ፤ ነገ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ነገ ስትዳር፣ አንድ ጸሐፊ ከፍቶ ያየዋል። አንቺ ጣራው ላይ ቆመሽ ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም፤ «አሥራ ሁለት ዓመት መካን እያለ ሰው በኔ አፉን አሽሟጧል፤ አንድ ቀን እንኳ ይህቺ ልጅ ያንቺ አይደለችም የሚለኝ ወረቀት እንዳይኖር» አልሽኝ። ስለዚህ «አይ» የሚለውን ነካሁ። ምሕረት የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ዞሂር አካ ጀርባዬ መጥቶ ቆመ። «ያንቺ ሁለት ናቸው የቀሩት። ምን አስጎለተሽ? ከኔ በላይ ልትመረምሪ ነው?» አለኝ። ዳርኩት። ካርዱን ኮረብታው ላይ ባለ መንደር ቤቷ ለተወለደች ሻህሎ ለምትባል ሕፃን ሰጠሁት። ለኦይዲን ደግሞ የማን እንደሆነ ዛሬም የማላውቀውን ሌላ ካርድ አስጠጋሁላት። ያኛው ደም ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ኦይዲን መዝገብ ላይ «ጤነኛ» ተብሎ ተጻፈ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሠራሁት በእሷ ላይ ነው። በማላውቃቸው ስንት ልጆች ላይ እንደሠራሁት ሳስበው ደግሞ ገላዬን መታጠብ ያምረኛል።

የመጀመሪያው ካርድ ቀይ ሆኖ ወጣ። እኔ አላወቅሁም፤ ውጤት የሚያሳውቁት ሌሎች ናቸው፣ ከኛ በታች ባለው ፎቅ። የደወሉት ለሻህሎ እናት ለማቭሉዳ ነው። ወዲያው አልመጣችም፤ ማን ከአርባ ቀን በፊት አራስ ከደጅ ያወጣል? ያለፈው እሑድ አርባዋን አወጡና ሰኞ በሦስት መኪና እየተቀያየሩ መጡ፤ እሷ፣ ባሏና አማቷ። ሴትየዋ እንቅልፍ ካየች ሳምንታት ያለፏት ትመስላለች። ልጅቷ እንደገና ተወጋች። ጮኸች ልበልሽ! ሕንፃው ተናጋ። ጉንጯ ቀይ፣ እግሯ እንደ ፌንጣ የሚራገጥ። ውጤቱ ከሰዓት መጣ፤ ምንም የለባትም።

ሐኪሙ «የናንተ ቤት ደም ይዋሻል» ብሎ ጮኸብን። ዞሂር አካ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ በሉ እንጂ! ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። ዝጉት» አለ። ዘጉት። አንዲት የታመመች ልጅ እያለች ፋይሏ በደስታ ተዘጋ።

ማቭሉዳ እያለቀሰች እጄን ሳመችው። ይህንን እጅ። ከቤቷ ጋግራ ያመጣችውን ሳምሳ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «ብዪልኝ እህቴ፤ ልጄን ከሞት ያስመለሳችሁ ያህል ነው» አለች። እምቢ ብላት ሊከፋት ነው። ጎረስኩ። ውስጡ ዱባ ነበር። አልወርድ አለኝ፤ ሽንት ቤት ገብቼ ተፋሁት፤ ከሱ ጋር የጠዋቱም ወጣ። አፌን እየተጉመጠመጥኩ መስታወት ውስጥ ሳየኝ ከዞሂር አካ በምን እንደምለይ ጠፋኝ።

የዚያን ዕለት ነው ለቤትሽ የደወልኩት። አማትሽ ከመቆጣታቸው በፊት፣ የመጀመሪያው ላይ፣ ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ። «እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ በዘራችን አልታየችም። መወዛወዣ አልጋዋ፣ ቤሺኩ ውስጥ ካሰርናት አታለቅስ፣ አትነቃ፤ ለመጥባት እንኳ እየቀሰቀስናት ነው። ጎረቤት ሁሉ ይቀናል» አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በፊትም ለእናታችን ደውለው ይህንኑ ሲነግሯት ሰምቼ ነበር። ያኔ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ኮርቼ ነበር። ጨዋነቷን ከማን ወሰደች ብዬ ለብቻዬ ፈገግ ብዬ ነበር። ዝምታ በኛ አገር ለሴት ልጅ ሙገሳ ነው፤ በአርባ ቀኗም ሳይቀር። ልጅቷ ቤሺክ ውስጥ ታስራ ቀስ በቀስ ስትጠፋ፣ እኛ በዙሪያዋ ቆመን ምርቃት እናዘንባለን።

ጨዋ አይደለችም ኦፓ፤ ታማለች። አፏን ክፈቺና ምላሷን እዪ፤ ወፍሮ ወጣ ወጣ ይላል? ስታለቅስ ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው? የዓይኗ ቢጫነት እስካሁን አለ? አማትሽ ቢጫው በአርባዋ ቀን በሚያጥቧት አርባ ማንኪያ ውሃ ይለቃል ይላሉ፤ አይለቅም። እምብርቷ ያብጣል? ቆዳዋ በዚያ ሁሉ ሙቀት ይቀዘቅዛል? እነዚህን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው።

ትላንት ለሙቃዳስ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «አንቺ ደደብ! ስም ነው ወይስ ልጅ ነው የሚበልጠው?» ብላ ጠረጴዛውን መታች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ራሷ ኮምፒዩተር መለሰች፤ የራሷን ዝርዝር እያሰበች እንደነበር ገባኝ። ሁለታችንም ተቀመጥን፤ የዳርናቸውን አንድ በአንድ ጻፍን። የኔ ስልሳ ሦስት ናቸው። የሷ ይበልጣሉ። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን ዞሂር አካ ፊት አስቀመጥነው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ልታሳስሩኝ ነው? ምን በደልኳችሁ? እንደ ወንድም አልያዝኳችሁም?» አለ። ሙቃዳስ «ወንድማችን ከሆኑ ይፈርሙበት» አለችው። አልፈረመም። እኛ ፈርመን ወደ ላይ ላክነው። ከሥራ መውጣቴ አይቀርም፤ ፍርድ ቤትም ይጠሩኝ ይሆናል። የሚያሳዝነኝ እሱ አይደለም። በየመንደሩ «ጤነኛ» ተብላ የተኛች ሌላ ጨዋ ልጅ እንዳትኖር ብቻ ነው የምጸልየው።

በላክነው ዝርዝር ውስጥ የኔ ስልሳ አንድ ነው የተጻፈው። ሁለቱን፣ የኦይዲንንና የሻህሎን፣ አስቀረሁ። እነሱን በራሴ እጅ አስተካከልኳቸው።

ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ሙቃዳስ «ሻይ ልጠጣ» ብላ ወጣች፤ ሻይ አትወድም፣ ብቻዬን ልትተወኝ ነው። የሻህሎን ፈትቼ ንጹሑን የራሷን ደም መለስኩላት። ከዚያ የኦይዲንን ካርድ ለኦይዲን ሰጠሁ። ኮምፒዩተሩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ አንድ ልጅ ናቸው ወይ። አዎ። ቀጠለና፣ ሌሎቹን ስድር ሳላነብ አልፈው የነበረውን፣ «የእናት ስም ሁለት ሆኗል። የትኛው ይመዝገብ?» አለ። ሁለቱ ስሞች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው መጡ፤ የአባት ስማቸው አንድ ነው። ያንቺን ነካሁ። «ሌላው ለሁልጊዜ ይሰረዛል። እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። ትንሽ ቆየሁ። እዋሽሻለሁ እንዴ፣ ትንሽ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ለምሳ ሲወጡ ሰማሁ፤ ሲመለሱም ሰማሁ።

ነካሁት። አብሮ ያለው ወረቀት እሱ ነው፤ የኦይዲን ደም፣ የኦይዲን ልደት፣ እናቷ አንቺ። ሌላ ወረቀት በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት እንዳትርበተበቺ። «በቤተሰብ የእጢ ሕመም ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ «የእናቴ እናት አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት» በይው። ይህ ውሸት አይደለም። አያታችን አንድ ናት።

ከመንገድ የመጣውን ሰው ሻይ አጠጪው። ኦይዲን ክኒኑን መጀመሯን በሱ ላኪብኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል። እስከ ቅዳሜ ምንም ካልሰማሁ በባቡር እመጣለሁ፤ ያኔ መሐላውንም አማትሽንም አላውቅም፤ ደጅሽ ላይ ቆሜ ሠፈሩ እስኪወጣ እጮሃለሁ። አታስመጪኝ።

አላህ ቤትሽን በድምፅ ይሙላው። ጩኸት ይስጥሽ፣ እንቅልፍ የምትነሳ፣ የምታስቸግር፣ የምትሰብር ልጅ ያድርግልሽ። የባልሽን ደግነት ያቆይልሽ፤ ለአማትሽም ጉልበት ይስጣቸው፤ ተቆጥተው ቢሰድቡኝም አልተቀየምኳቸውም። ከኔ የደረሰባትን ሁሉ ለሷ ይካስልኝ።

ታናሽ እህትሽ፣
የኦይዲን አክስት

የረሳሁት፦ መመሪያው ክኒኑ በእናት ጡት ወተት ይሟሟ ይላል። በዱቄት ወተትም ይሆናል። ጠይቄያለሁ።